በመዳፍ የተጠረገ ዋጋ

ታላቁ ጦርነት ካበቃ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወሩም የዛፍ ቅጠል የሚረግፍበት፣ ነፋስ በየመንገዱ ጥግ የትናንትን ጋዜጣ የሚያባርርበት ወር ነበር። ከጉምሩክ ቤቱ ጀርባ ስምንት የድንጋይ ምሰሶ የተሸከሙት ግራጫ ሕንጻ የከተማው የአክሲዮን ገበያ ነው፤ ሰዉ ግን «አዳራሹ» ብቻ ይለዋል፤ በከተማው ሌላ አዳራሽ የሌለ ይመስል። ያ ዘመን አክሲዮን ያልያዘ ሰው ሞኝ ተብሎ የሚታዘንለት ዘመን ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ከደንበኛው ጉሮሮ ላይ አንሥቶ የምድር ባቡር ማኅበሩ ዋጋ ስንት እንደገባ ይጠይቃል፤ ሐኪሙ የበሽተኛውን የልብ ትርታ ሲቆጥር ቁጥሩ ከሌላ ቁጥር ጋር ይደባለቅበታል፤ ሚስት ከባሏ ደብቃ፣ ባልም ከሚስቱ ደብቆ ይገዛል፤ ኋላ ነገሩ ሲወጣ ሁለቱም ያንኑ አክሲዮን ገዝተው ይገኛሉ። ዋጋ ይወጣል እንጂ አይወርድም ተባለ። ሲወርድ ያዩ ሽማግሌዎች አልጠፉም፤ ነገር ግን እነርሱም ገዝተው ስለነበር አፋቸውን ዘጉ።

በአዳራሹ ውስጥ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ጥቁር ሰሌዳ ነበር፤ በዚያም ሰሌዳ ላይ ዋጋ እየጻፈ አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገለ አንድ ሰው ነበር። ጠሪው፣ ከድምፁ የተነሣ ነጎድጓድ የሚባለው ወፍራም ሰው፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ ቆሞ ዋጋ ይጠራል፤ ደላሎቹ ከታች «ገዛሁ» ወይም «ሸጥሁ» ብለው ይጮኻሉ፤ ጸሐፊው መሰላሉ ላይ ሆኖ አሮጌውን ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ይጠርግና አዲሱን በጠመኔ ይጽፋል። ቅንድቡና እጅጌው፣ የጆሮው ጫፍ ሳይቀር ነጭ ስለነበር ስሙም ጠመኔ ሆኖ ቀረ፤ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት እኅቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ። «ጠመኔ፣ ዛሬም ከወፍጮ ቤት ነው የመጣኸው?» ይሉታል ደላሎቹ በየጠዋቱ፤ እርሱም በየጠዋቱ «አዎ፣ እናንተን ላስፈጭ» ይላቸዋል፤ በየጠዋቱም ይስቃሉ።

ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ጥብቅ ወግ ነበረው። ጸሐፊው ጠሪው ከመጥራቱ በፊት ሰሌዳውን መንካት አይችልም፤ ሲጠርግም የሚለወጠውን አኃዝ ብቻ እንጂ ሌላውን አይነካም። ዋጋው ከመቶ ሰማንያ ሰባት ወደ መቶ ሰማንያ ስምንት ቢሄድ የመጨረሻዋን ሰባት ብቻ ይጠርጋል። ደላሎቹ ዓይናቸው ከጠመኔው ይልቅ ጨርቁ ላይ ነውና፤ ጨርቁ አንድ አኃዝ ከጠረገ ነገሩ የተለመደ ነው፤ ሁለት ከጠረገ ልባቸው ይመታል፤ ሦስቱን ሲጠርግ ያየ ግን ከስንት አንድ ነው።

ከዚህም በላይ መሐላ ነበረበት። በገባበት ቀን በገበያው ሹም ፊት ቆሞ እጁን በደንቡ መጽሐፍ ላይ ጭኖ፣ አክሲዮን አልገዛም፣ አልሸጥም፤ ስለ ዋጋ ለማንም በአፍ አልናገርም፣ በዓይን አልጠቅስም፣ በእጅም አላመለክትም ብሎ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል አክብሮ ኖረ። ጸጉሩን ሲቆረጥ ጸጉር አስተካካዩ «እንዲያው አንዲት ቃል ብትተነፍስልኝ ምናለበት» እያለ ሲለማመጠው፣ «ጆሮዬን እንዳትቆርጠው» ብቻ ይለዋል።

ያን ሰሞን ግን ጠመኔ ሆዱን ባር ባር ይለው ጀመር።

ለምን እንደሆነ እርሱም አያውቀውም። ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ ሰው ነው፤ ጋዜጣ ቢያነብም የሞተ ሰው ማስታወቂያና የመርከብ መግቢያ ሰዓት ነው። እኛ ግን እርሱ ያላስተዋለውን እንናገር፤ ጠመኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለአዳራሹ ጀርባውን ሰጥቶ የኖረ ሰው ነበር። ፊታቸውን አያይም፤ የሚሰማው ድምፃቸውን ነው። ነጎድጓድ ዋጋ ከጠራ በኋላ «ገዛሁ» የሚለው ጩኸት እስኪመጣ ድረስ አንዲት አጭር ዝምታ አለች፤ በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው እጁ ሰሌዳው ላይ የሚጠብቀው። ያን ሰሞን ዝምታዋ በዓይን ጥቅሻ ያህል ረዘመች። ጆሮው አላስተዋላትም፤ ሆዱ ግን አስተዋላት። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ አንዱ የስኳር ፋብሪካው ከመዘጋቱ በፊት፣ ሁለተኛው የመርከብ ዋስትና ማኅበሩ ከመክሰሩ በፊት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ያህል ምግብ አልረጋለት ብሎ ተኝቶ ነበር።

ዘንድሮ መተኛት አልቻለም፤ ምክንያቱም እኅቱ።

ታላቅ እኅቱ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠዋለች። ወላጆቻቸው በአንድ ክረምት ሲሞቱ እርሱ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ እርሷ ልብስ እየሰፋች፣ የመጣላትን ትዳር «ልጄን ላሳድግ» እያለች እየመለሰች አሳደገችው። አሁን ዓይኗ ደከመ። ሩቁን ጥርት አድርጋ ታያለች፤ የመርፌ ቀዳዳ ግን አልታይ አላት። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ነገር አሰበች፤ የወላጆቻቸውን ቤት ሸጣ ገንዘቡን በሙሉ በምድር ባቡር ማኅበሩ አክሲዮን አስገባችው፤ ዋጋው ሁለት መቶ ሲገባ ሸጣ፣ በመንገድ ዳር ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ተከራይታ፣ ስምንት የስፌት መኪና ገዝታ፣ ዓይን ያላቸው ሴቶች ቀጥራ ልታሠራ። የወላጆቻቸውን ቤት የገዛው ሰው እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚያው እንድትቀመጥ ፈቅዶላታል። ከዚያ በኋላ መሄጃ የላትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ሊጠይቃት ሄደ። በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች፤ ክሩ አልገባ ብሏት አራት ጊዜ ሞክራለች።

«አምጪ፣ እኔ ላስገባልሽ» አለና ክሩን አስገባላት።

«ተባረክ። ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ? ጎረቤትህ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀመሰም ብላ ነግራኛለች።»

«ሆዴን ባር ባር ይለኛል።»

«ምን በልተህ ነው?»

«ምንም አልበላሁም።»

«እንግዲያው ባዶ ሆድ ባር ባር ሳይለው ምን ሊለው ነው» አለችና ሳቀች። «ቁጭ በል፣ የምትቀምሰው ነገር ላምጣልህ።»

«እትዬ፣ ያ ነገር… መቼ ነው የምትሸጪው?»

«ሁለት መቶ ሲገባ። ከደላላዬ ጋር ጨርሰናል፤ እኔ ከአዳራሹ የተመልካች ሰገነት ላይ ሆኜ መሐረቤን ሳወጣ እሱ ከታች ይሸጣል። እስከዚያ ግን ሰማይ ቢደፋም አልሸጥም።»

«አሁን መቶ ሰማንያ ስምንት ነው እኮ። ይኸውም…»

ቃሉ ጥርሱ ላይ ቆመ። እኅቱ መርፌዋን አቁማ አየችው።

«ይኸውም ምን?»

«ምንም። ጥሩ ዋጋ ነው ማለቴ ነው።»

«እሱንማ አንተው አይደለህ የጻፍከው?» አለች። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ጠፍጣፋውን የልብስ ሰፊ ጠመኔ አንሥታ በጣቶቿ መካከል አገላበጠችው። «በዚህ ነበር ቁጥር ያስተማርኩህ። በጥቁር ጨርቅ ላይ። ስድስትና ዘጠኝን ስታምታታብኝ፣ ስታምታታብኝ፣ በመጨረሻ ሁሉንም በመዳፌ ጥርግ አድርጌ፣ በቃ፣ ለዛሬ ይብቃን እልህ ነበር። ያቺን ስትሰማ እንዴት ደስ ይልህ ነበር፤ እራት ማለት ነዋ።»

ጠመኔ ሳቀ። ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ መሐላው ትዝ አለው፤ ዘጋው። እኔ ሳላውቅ ምን ብዬ ልንገራት? ለምን ብትለኝ ምን እላለሁ? እያለ በውስጡ ተሟገተ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ነገ ከአለቃዬ ጋር የምነጋገረው ጉዳይ አለኝ፤ ከዚያ እነግርሻለሁ» አላት። እርሷም እድገት ሊጠይቅ መስሏት «በርታ፣ አንገትህን ቀና አድርገህ ተናገር» ብላ ሸኘችው።

ሰኞ ጠዋት የመክፈቻው ደወል ከመደወሉ ሁለት ሰዓት በፊት በገበያው ሹም ቢሮ ቆመ። ሹሙ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቃላቸው የተመጠነ፣ ጫማቸው የሚያበራ ሰው ነበሩ፤ ከኋላቸው የቀደሙት ሹሞች ሥዕል ተሰቅሏል፤ ለእርሳቸውም የሚሆን ባዶ ቦታ በግድግዳው ላይ ከወዲሁ ተትቷል።

«ክቡርነትዎ፣ ስለ መሐላው አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር። አንድ ሰው በጆሮው የሰማው፣ በዓይኑም ያየው ነገር ሳይኖር፣ እንዲሁ ሆዱ ብቻ ቢነግረው… ያንን ለሥጋ ዘመዱ ቢናገር መሐላ ማፍረስ ይሆናል?»

«ሆዱ ምን ቢነግረው?»

«ዋጋ ሊወርድ ነው ቢለው።»

ሹሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የማን ዋጋ?»

«የሁሉም ይመስለኛል። የባቡሩ ግን ቀድሞ።»

«ምክንያትህ ምንድን ነው?»

«ምክንያት የለኝም፣ ጌታዬ።»

ሹሙ ረዘም ያለ ሳቅ ሳቁ። «ሂድና ቁርስህን ብላ» አሉት። ጠመኔ እጅ ነሥቶ ወደ በሩ ሲዞር ግን ሳቁ በድንገት ተቋረጠ።

«ቆይ እስቲ። የስኳር ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል ታመህ ቀርተህ አልነበረም?»

«አዎ፣ ክቡርነትዎ።»

«በመርከብ ዋስትናውም ጊዜ?»

«አዎ።»

ሹሙ ተነሥተው የደንቡን መጽሐፍ አመጡና ከፊቱ አኖሩት። «ስማኝ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዋጋ ጸሐፊ ለአንድ ሰው ሽጥ ብሎ ቢናገር እስከ ማታ ከተማው በሙሉ ይሸጣል። ሆዱ ነው የነገረው ብሎ የሚያምን የለም፤ ምስጢር አይቶ ነው ይላሉ። አገር ታፈርሳለህ። እጅህን ጫን። ለዘመድህም፣ ለጥላህም አትናገርም።»

ጠመኔ እጁን ጭኖ እንደገና ማለ። ከቢሮው ወጥቶ ደረጃውን ግማሽ ያህል እንደወረደ ከኋላው የስልኩ መዘውር ሲሽከረከር ሰማ፤ ሹም ስልክ ቢደውል ምን ይገርማል ብሎ አለፈ።

ማክሰኞ የባቡሩ ዋጋ መቶ ዘጠና ሁለት ገባ፤ ረቡዕ መቶ ዘጠና ሰባት። ከተማው ሰከረ። ጠመኔ ግን በጀርባው አንድ ድምፅ ሰማ፤ እንደ ሳል የደረቀች፣ ሌላ ሰው ልብ የማይላት፣ «ሸጥሁ» የምትል ድምፅ። ጥቂት ትሸጣለች፤ ዝም ትላለች፤ ሌሎች ሲጮኹ በመካከል ሾልካ ጥቂት ትሸጣለች። መሰላሉ ላይ ሆኖ ጭብጨባና ፉጨት ሲያዳምጥ፣ ረቡዕ ገበያው ሊዘጋ ሲል ድምፅዋን ለያት። የቀጭኑ ደላላ ድምፅ ነበረች፤ ቀጭኑ ደላላ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ደንበኛ ብቻ አለው፤ እርሱም የገበያው ሹም ነው።

ጠመኔ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ። የስልኩ መዘውር በጆሮው ውስጥ ተሽከረከረ። ለጥላህም አትናገር ብሎ ያስማለው ሰው፣ የእርሱን ሆድ አምኖ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሸጥ ኖሯል፤ ደም ፊቱ ላይ ወጣ። እንዲህም ሲል ወሰነ፤ መሐላ ብሎ ነገር የለም፤ አሁኑኑ ሄጄ ለእትዬ እነግራታለሁ።

ደወሉ እንደተደወለ ኮቱን ሳያራግፍ በነፋሱ ውስጥ እየሮጠ ሄደ። በሩ ተቆልፏል። ብጣሽ ወረቀት ተሰክቶበታል፤ በትልልቁ የተጻፈው የእኅቱ እጅ ጽሑፍ ነው፦ «የሙሽራዋን ቀሚስ ልለካ ከከተማ ውጭ ሄጃለሁ፤ እዚያው አድራለሁ። ነገ በቀጥታ ሰገነቱ ላይ ነኝ። ሁለት መቶ ሲገባ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ለራት የተውኩልህ ነገር ጎረቤት ጋ አለ።»

ወረቀቱን ይዞ ደጁ ላይ ተቀመጠ። የሙሽራይቱ ቤት የት እንደሆነ አያውቅም፤ ጎረቤቶቹም አያውቁም። በነጋታው ደግሞ የዋጋ ጸሐፊ ደወሉ ከመደወሉ አንድ ሰዓት በፊት ገብቶ በር ይዘጋበታል፤ ገበያው እስኪዘጋ ድረስም ከውጭ ሰው ጋር አይገናኝም። ባይገባስ? ባይገባ ሌላ ጸሐፊ ይተካል፤ ዋጋው ይቀጥላል፤ ሰገነቱም ላይ ለመድረስ የሚያስገባ ወረቀት የለውም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ተነሣ።

ሐሙስ አዳራሹ መፈናፈኛ አልነበረውም። ሰገነቱ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ጠመኔ መሰላሉን ሲወጣ በትከሻው በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ እትዬ ከፊተኛው ረድፍ፣ የእሑድ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ መሐረቧን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፈገግ ብላለች። ደላላዋ ከሥሯ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ፊቱን ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ አዞረ።

«መቶ ዘጠና ስምንት» አለ ነጎድጓድ።

ዝምታ። «ገዛሁ።»

ሰባትን ጠርጎ ስምንትን ጻፈ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ጮኸ።

«መቶ ዘጠና ዘጠኝ።»

ዝምታው ረዘመ። ጠመኔ በልቡ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ ከጥግ አንዲት «ገዛሁ» መጣች፤ ብቻዋን። ስምንትን ጠርጎ ዘጠኝን ጻፈ። ሰገነቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ አንድ ቀርቶታል፤ ሁለት መቶ ሊገባ ነው። በዚያ ጭብጨባ መካከል ያቺ የደረቀች ድምፅ «ሸጥሁ» አለች፤ ዛሬ ጥቂት ብላ አላቆመችም፤ ደጋግማ «ሸጥሁ፣ ሸጥሁ» አለች፤ የሚመልስላት ግን አልነበረም። ጭብጨባው ስላየለ ሌላ ሰው አልሰማም።

የጠመኔ ሆድ ጸጥ አለ። ስንት ቀን ሲያላውሰው የከረመው ነገር ባንዴ ተወው፤ ያ ጸጥታ ከሕመሙ ይልቅ አስፈራው። ነጎድጓድ ለመጥራት አየር ሲስብ ተሰማው። ቢጠራ ሁለት መቶ ይል እንደሆነ፣ ወይስ ሌላ፣ ጠመኔ አላወቀም፤ ማንም አላወቀም። እርጥቡን ጨርቅ ወደ ኪሱ ከተተው። ቀኝ እጁን ዘርግቶ በባዶ መዳፉ ሦስቱንም አኃዝ፣ አንዱን፣ ዘጠኙን፣ ዘጠኙን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ጥርግ አደረጋቸው።

«ሁለት መቶ ገባ!» አለ አንድ ሰው ከታች፤ ብዙ ሰውም ተከትሎት ጮኸ። ሦስት አኃዝ ሲጠረግ ሌላ ምን ይሆናል? ጠመኔ ግን ጠመኔውን አላነሣም። በአሥራ ሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደወል ሳይደወል ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ፣ ነጭ መዳፉን እንደዘረጋ ወደ ሰገነቱ አየ። እትዬ ፈገግታዋ ጠፋ። ሩቁን ታያለችና መዳፉን አየች፤ ሠላሳ ዓመት አልፎት የነበረው ጥቁር ጨርቅ ፊቷ ላይ ተዘረጋ፤ በቃ፣ ለዛሬ ይብቃን። መሐረቧን አነሣች።

«ሸጥሁ! መቶ ዘጠና ዘጠኝ!» አለ ደላላዋ።

«ገዛሁ» አለ ሁለት መቶ መግባቱን ያመነ አንድ ደላላ፤ ያኔ ገና የሚያምን ነበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመተረክ ምላስ ይከብዳል። የባቡሩ ረድፍ ባዶውን ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ነጎድጓድ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ሰዉ ባዶውን ቦታ፣ ከዚያም የጸሐፊውን ፊት አየ፤ በዚያ ፊት ላይ ሁለት መቶ የሚል ነገር አልነበረም። አንዱ «ሸጥሁ» አለ። አሥር ሰው ተከተለው። ከዚያ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ሸጠ፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ነጎድጓድ እየተንተባተበ መቶ ሰማንያ፣ መቶ ሃምሳ ይላል፤ ጠመኔ እንደ ማሽን ይጠርጋል፣ ይጽፋል፤ እኩለ ቀን ላይ የመዝጊያው ደወል ሲደወል የባቡሩ ዋጋ ስድሳ አንድ ነበር፤ ሦስት አኃዝ የነበረው ሁለት ሆኖ አደረ፤ ከዚያ በኋላ ለስምንት ዓመት ሦስት አልሆነም።

ከእትዬ የገዛው ደላላ ለማን እንደገዛ ጠመኔ ያወቀው ቅዳሜ ጸጉሩን ሊቆረጥ ሲሄድ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። በመስታወቱ ውስጥ ጸጉር አስተካካዩ በገዛ ደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ምላጭ አልያዘም፤ ጋዜጣም አልያዘም፤ በእጁ ያለው በመቶ ዘጠና ዘጠኝ የተገዛ፣ የእትዬ ስም በሻጭነት የተጻፈበት የአክሲዮን ወረቀት ብቻ ነው። ጠመኔ በሩን ሊያንኳኳ እጁን አነሣ፤ መልሶ ወደ ኪሱ ከተተው።

በሦስተኛው ወር መርማሪ ጉባኤ ተሰየመ። የገበያው ሹም ቀርበው ውድቀቱን ከሳምንት በፊት አስቀድመው እንደተረዱት፣ በዚህም ምክንያት የግል ንብረታቸውን በጥንቃቄ እንዳሸሹ፣ ነገር ግን ሕዝቡን ላለማሸበር ዝም እንዳሉ ተናገሩ። ጋዜጦች «አርቆ አሳቢው» አሏቸው። ጠመኔ በተራው ሲቀርብ የጉባኤው ሰብሳቢ ጠየቁት፦

«ሳይጠራ ለምን ጠረግህ?»

«ሆዴን ባር ባር ብሎኝ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። የጉባኤው ጸሐፊም ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ፤ ይህ የሚጻፍ ነገር አይደለም ብሎ። ስለ ስልኩ መዘውር፣ ስለ ቀጭኑ ደላላ ድምፅ ጠመኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንዳንዶች ፈርቶ ነው ይሉ ይሆናል፤ እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ሰውየው ከመሐላው ግማሹን ስላፈረሰ የቀረውን ግማሽ ሊጠብቅ ፈለገ፤ የሚኮራበት ሌላ ነገር አልነበረውምና። ጉባኤውም ወሰነ፤ በመዝገቡ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ገጽ ላይ «ዋጋ ጸሐፊው በቸልተኝነት ሦስቱንም አኃዝ በመጥረጉ ድንጋጤ ተፈጥሯል» የሚል አንድ መስመር አለ። ጠመኔ ያለ ጡረታ ተሰናበተ። የሹሙ ሥዕል ባዶውን ቦታ ሞላ፤ ኋላም ከደረጃው ራስ ላይ ከነሐስ የተሠራ ምስላቸው ቆመ፤ ጎብኚ ሲመጣ «ውድቀቱን ቀድመው ያዩ ሰው» ተብሎ ይነገርለታል።

እትዬ ልትገዛ ካሰበችው ስምንት የስፌት መኪና አራት ብቻ ገዛች፤ የተረፈውን ምን እንዳደረገችው ለወንድሟም አልነገረችውም፤ የጸጉር አስተካካዩ ሱቅ ግን በጸደዩ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው መኪና ላይም የጸጉር አስተካካዩ ሚስት ተቀመጠች። ጠመኔ የእኅቱን ጠፍጣፋ ጠመኔ ይዞ ጨርቅ ላይ መስመር የሚያሰምር ሠራተኛ ሆነ። እጁ ቀጥ ያለ ነበር፤ ሴቶቹም ወደዱት፤ ስሙንም አልለወጡትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉ እትዬ መኪናውን አቁማ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል ጠየቀችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቀየመኝ። ያን ቀን ባትጠርገው ኖሮ… ይወርድ ነበር?»

«ሆዴ ነግሮኝ ነበር እኮ።»

«ሆድህ ነገረህ፤ እጅህ አደረገ። እኔ የምጠይቅህ የቱ ነው የቀደመው ብዬ ነው። የሰውየውን ፊት ባየሁ ቁጥር ይኼው ነው የሚመላለስብኝ።»

ሰውየው ጸጉር አስተካካዩ እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም።

ጠመኔ የያዘውን ጠፍጣፋ ጠመኔ አስቀመጠ። «እኔ እንጃ እትዬ» አላት። «እኔም ይኼንኑ ነው ራሴን የምጠይቀው።»

ታሪክ ይህን ጥያቄ አልጠየቀም፤ መጠየቅም አያስፈልገውም፤ ታሪክ የሚያውቀው አንድ አርቆ አሳቢ ሹምና አንድ ቸልተኛ ጸሐፊ ነው፤ ሁለቱም በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ አንዱ በነሐስ፣ አንዱ በገጽ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ ዓመት በኋላ የተወለዱ ሰዎች ውድቀቱ ይመጣ እንደነበር በአኃዝና በሠንጠረዥ አስረድተዋል፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ጠመኔ ሠንጠረዣቸውን ሳያይ ሞተ። አብረውት የሠሩት ሴቶች ግን አንድ ልማዱን ሲያወሩ ኖረዋል፤ ጨርቅ ላይ ያሰመረው መስመር ቢሳሳትበት በመዳፉ ጠርጎ አያውቅም ነበር፤ ጨርቁን ገልብጦ በሌላው ፊት ይጀምር ነበር።